ጸጸት አልታየም

ወደ እርቁ ክፍል የሚገባ ሰው ከላዩ ላይ ብረት የተባለውን ነገር ሁሉ ያወልቃል። ጦይባ ጉትቻዋንና ሻሿን የምትይዝበትን መርፌ ቁልፍ አወለቀች። የጋብቻ ቀለበቷ ሳትጎትተው በራሱ ጊዜ ወለቀ፤ ካለፈው ክረምት ወዲህ በጣም ከስታለች። ባሏ ሙሔ ሁሉንም በመሀረብ ቋጥሮ ኪሱ ከተተው።

የክፍሉ በር እንዳይዘጋ አንድ ጥቁር ድንጋይ ተደግፎበታል። ቀድሞ የሰው ነፍስ ያጠፋ ሰው ይኼን የመሰለ ድንጋይ ጫንቃው ላይ ተሸክሞ በሟች ቤተሰብ ደጅ ይቆም ነበር ይባላል። ዛሬ ድንጋይ የሚሸከም የለም። ድንጋይ ጸጸትን አያሳይም፤ የሚያሳየው የጫንቃን ጥንካሬ ነው።

በወሎ ደም የሚያስታርቁት ሽማግሌዎች፣ አባጋሮቹ፣ አሁንም አሉ። ፊት አይቶ መፍረድን ግን ከተዉ ቆይተዋል። ፊት ይዋሻል። አንጎልን የሚያየው ማሽን ከመምጣቱ በፊት በደሴ ለእርቅ የሚሄድን ሰው አለቃቀስ የሚያሠለጥኑ ሰዎች ነበሩ፤ ሥልጠናውም ደህና ገበያ ነበረው። አሁን ተበዳዩ ቤተሰብ መስታወት ኋላ ይቀመጣል፣ በዳይ ማሽኑ ውስጥ ይጋደማል፣ ከዚያ ወረቀት ይወጣል። ወረቀቱ «ጸጸት ታይቷል» ካለ ደሙ ይደርቃል፤ ሁለቱ ወገኖች ከአንድ ትሪ ይበላሉ። «ጸጸት አልታየም» ካለ ደሙ እንዳለ ይቆያል። ደም ያለባቸው ቤተሰቦች በአንድ ሊፍት አይወጡም፣ በአንድ ለቅሶ አይቀመጡም፤ በመጨረሻም የበዳይ ወገን ዕቃውን ጭኖ ከተማውን ይለቃል።

ጦይባ የምትኖረው አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ወይዘሮ ትርንጎ፣ ልጇን ያጣችው፣ እዚያው ሕንፃ ላይ ሰባተኛ ፎቅ ናት። ከክረምት ጀምሮ ጦይባ የምትወጣው በደረጃ ነው። ከላይ የእግር ኮቴ ከሰማች ዘንቢሏን እንደያዘች ተመልሳ ትወርዳለች፤ ኮቴው የማንም ይሁን።

ሥራዋ ተጠባባቂነት ነበር። ከደሴ ኮምቦልቻ የሚመላለሱት አውቶቡሶች ራሳቸውን ይነዳሉ፤ ሕጉ ግን ፊት ወንበር ላይ አንድ የነቃ ሰው እንዲቀመጥ ያዛል። የዚያ ሰው ሥራ መንቃት ብቻ ነው። አውቶቡሱ በሐረጎ ቁልቁለት ጉም ሲገጥመውና መንገዱ ሲጠፋበት ደወል ያሰማል፤ ያን ጊዜ ተጠባባቂው ቀዩን እጀታ ይስባል። ጦይባ ለብዙ ዓመት ስባዋለች። የዚያን ቀንም ስባዋለች፣ ዘግይታ።

የዘገየችው ስትስቅ ነው። እህቷ ራህማ ከሐይቅ ደውላ የአንድ ሰርግ ወሬ ታወራላት ነበር። ሙሽሮቹን የሚመርቁት ሽማግሌ በምርቃቱ መሀል ሰው ሠራሽ ጥርሳቸው ወልቆ ሙሽራዋ ቀሚስ ላይ ወደቀ። ጦይባ እዚህ ላይ ሆዷን ይዛ ሳቀች፣ ደወሉን ሰማች፣ ሳቋን ጨረሰች፣ እጀታውን ሳበች። በመንገዱ ዳር ቆሞ የወለቀ የብስክሌት ሰንሰለት ሲያስገባ የነበረው የትርንጎ ልጅ ፍሬው ነበር።

አውቶቡሱ ድምፅ ይቀዳል። ፍርድ ቤት ሳቋን እስከ መጨረሻው አስደመጠ፤ የራህማን ወሬ ግማሽም አብሮ። ትርንጎ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጣ ሰማች። ፍርድ ቤቱ የጦይባን የሥራ ፈቃድ ነጠቀና ቅጣቱን በገደብ አደረገው። ሕጉ ከእሷ ጋር ያለው ጉዳይ በዚያው አለቀ። ደሙ ግን አላለቀም።

ማሽኑ ጠባብ ነው። ጭንቅላቷ እንዳይንቀሳቀስ በግራና በቀኝ ስፖንጅ አስገቡላት፤ ትንሽ እንኳ ብትነቃነቅ ሥዕሉ ይበላሻል ተባለች። ድምፁ ቆርቆሮ ቤት ላይ ሆነው ሚስማር የሚመቱ ያህል ነው። ናሆም የሚባለው የማሽኑ ባለሙያ በጆሮዋ ሁለት ቃል ብቻ ያፈራርቅላታል። «ያስታውሱ» ሲላት ሐረጎን ታስባለች። «ይረፉ» ሲላት ሀሳቧን ወደ ፈለገው ትለቀዋለች። ቀላል ነው።

ከመስታወቱ ኋላ ትርንጎ ከወንድሟ ጋር ተቀምጣለች፤ አባጋር እንድሪስም በመሀል። ከማሽኑ ውጭ የሚታየው የጦይባ እግር ብቻ ነው፣ በካልሲ።

«ያስታውሱ» ሲባል አስታወሰች። ሰንሰለቱን፣ ጉሙን፣ እጀታውን። «ይረፉ» ሲባል ግን አፈረች። ልጇን አፈር ያለበሰች እናት እዚያ ማዶ ተቀምጣ እሷ እዚህ ተጋድማ ልትዝናና ነው? ሰው ምን ይላል? ይሉኝታ ያዛት። ትርንጎ እንደምታያት እንጂ በራሷ ጭንቅላት ውስጥ ብቻዋን እንደሆነች አላሰበችም። ስለዚህ በየዕረፍቱ ይበልጥ አስታወሰች። ናሆም እረፊ ባላት ቁጥር ሳቋን ደግማ ሰማችው። ስትወጣ አንገቷ ደርቆ ነበር፤ ከታዘዘችው በላይ የሠራች መስሏትም ትንሽ ቀለል ብሏት ነበር።

ወረቀቱን አባጋር እንድሪስ አነበቡት። ግራጫ የአንጎል ሥዕል ነበረበት፣ ንጹሕ፤ አንዲት ቀይ ነጠብጣብ እንኳ የሌለችበት። ከሥሩ «ጸጸት አልታየም» ይላል። ሽማግሌው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነበር ያነበቡት፤ እሳቸውም ያፈሩ ይመስላሉ።

ትርንጎ ከወንበሯ ብድግ አለች። አፏን ከፈተች፣ ወንድሟን አየች፣ መልሳ ዘጋችው። ከዚያ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አድርጋ ተቀመጠች። ጦይባ ይህን አይታ ተጸየፈችኝ ብላ አሰበች። ብትጸየፈኝ ምን ይፈረድባታል?

ወሬው ከእነሱ ቀድሞ ሰፈር ደረሰ። ባለ ሱቁ ዳቦውን በእጇ አልሰጣትም፤ ባንኮኒው ላይ አስቀምጦ ፊቱን ወደ መደርደሪያው አዞረ። ሙሔ ካርቶን ማሰባሰብ ጀመረ። መቼ እንደሚሄዱ አላለም፣ እሷም አልጠየቀችውም። እራት ላይ ግን ማንኪያውን አስቀምጦ ለረጅም ጊዜ ሲያያት ቆየና፣ ለራሱ እንደሚያወራ ሰው፣

«እውነት ምንም አይሰማሽም?» አላት።

ጦይባ ሳህኖቹን ማንሳት ጀመረች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ራሷንም ትጠራጠር ጀመር። ምናልባት ጸጸት የመሰላት ፍርሃት ይሆናል። ምናልባት ያዘነችው ለፍሬው ሳይሆን ለራሷ ስም ነው። ማሽን አይዋሽም፤ ታዲያ ውሸታሟ ማን ናት? በሳቋ ስታፍር የከረመችው ሴት አሁን ባለመጸጸቷ ታፍር ጀመር። የሚገርመው ሁለተኛው ኀፍረት ከመጀመሪያው ምንም አይለይም ነበር፤ እዚያው ደረቷ ላይ፣ እዚያችው ቦታ ይቀመጣል።

ወረቀቱ የከፋባት ሰው ባለሙያውን ቀርባ የመጠየቅ መብት አላት። ናሆም ከጦይባ የመጨረሻ ልጅ ብዙ የማይበልጥ ወጣት ነው። ወንበር አቀረበላት፣ ቀና ብሎ ግን አላያትም።

ማሽኑ ሀሳብ እንደማያይ ነገራት። የሚያየው ደም ነው። አንጎል ውስጥ የሚሠራ ቦታ ደም ይጠራል፤ ደሙም የሚደርሰው ሀሳቡ ካለፈ ከትንሽ ቆይታ በኋላ ነው። እንግዳ ከሄደ በኋላ እንደሚቀርብ ወጥ ማለት ነው፣ ወጡን አይቶ እንግዳ ነበረ ማለት ይቻላል፤ እንግዳው ምን እንዳወራ ግን ወጡ አይናገርም። ደግሞም አንጎል ሁልጊዜ ደም አለው፣ ተኝቶም። ስለዚህ ያረፉበትን ካስታወሱበት ላይ ይቀንሱታል። ከቅነሳው የተረፈውን ነው ቀይና ቢጫ የሚቀቡት። ቀለሙን የሚቀባው ሰው ነው፤ ጭንቅላት ውስጥ ቀይ የሚባል ነገር የለም።

«የኔስ?» አለችው ጦይባ።

«የእርስዎ ሁለቱም አንድ ናቸው። ሲያስታውሱም ሲያርፉም። ተቀንሶ ምንም አልተረፈም።»

ጦይባ በይሉኝታ ያደረገችውን ነገረችው። ሟች ቤተሰብ ፊት ማረፍ ነውር መስሎኝ ሳላርፍ ቀረሁ አለችው። ናሆም ከንፈሩን ነከሰ።

ታዲያ ይህንን ለአባጋሩ ንገራቸው ስትለው አልችልም አለ። ምንም የማይሰማው ሰው ቢጋደምም የሚወጣው ሥዕል ይኸው ነው፤ በዕረፍቱም ባዶ፣ በማስታወሱም ባዶ፣ ተቀንሶም ባዶ። ማሽኑ ሁለቱን አይለይም። ሳይቀነስ ያለውን ሥዕሏን አይቶታል፤ ጸጸት ሲሰማ ይበራል የሚባለው ቦታ ደም የበዛበት መስሎታል። ነገር ግን ያ ቦታ ጥርስ ሲያምም ይበራል፣ ሲበርድም፣ ሰው ሲጦም የዳቦ ሽታ ሲሸተውም። በእሱ ሊምል አይችልም።

«ቀይ ቀለም ለወጣለትስ ሰው?» አለች። «ለእሱ ጸጸት ነው ብላችሁ የምትምሉት በምንድን ነው?»

ናሆም ጫማውን አየ። የብዙ ሰው ሥዕል ተደምሮ፣ ተካፍሎ የተገኘ ነው አላት። ለብዙ ሰው እውነት ነው። ለአንድ ሰው ሲሆን ግን… አረፍተ ነገሩን አልጨረሰውም። ማሽኑ መጥፎ እንዳልሆነ፣ ሰው በማያርፍበት ቦታ እንዳስገቡት ነገራት። በሆስፒታል እያለ ብዙ ሰው አድኗል፤ የወይዘሮ ትርንጎ ወንድም ራሱ ዕጢ ሲወጣለት ሐኪሞቹ የሚናገርበትን የአንጎል ቦታ በዚህ ማሽን አይተው፣ ያንን ትተው ነው የቆረጡት። ዛሬ ያ ሰው ይናገራል፤ አንዳንዴም ከሚገባው በላይ።

አንድ ዕድል ቀርቷታል። አንዴ ብቻ መድገም ይፈቀዳል።

«በሚቀጥለው ማረፍ አለብዎት» አላት። «የእውነት። ያለዚያ የሚቀነስ ነገር አናገኝም።»

ቤቱ የማረፍ ትምህርት ቤት ሆነ። ሙሔ ካርቶኖቹን አልጋ ሥር አስገባና ሚስቱን ማዝናናት ያዘ፤ ለወትሮው የማይሆንለት ነገር ነው። ድሮ የምትወደውን መንዙማ ከፈተላት። ሐይቅ ወስዶ ውኃው ዳር አስቀመጣት። ውኃው ላይ ጉም ነበረ፤ ጦይባ ወደ ቤት እንመለስ አለች። ልጆቿን ሕፃን ሳሉ እንድታስብ መከራት። አሰበች፤ ከዚያ ትርንጎም ልጅ እንደነበራት ትዝ አላት። እየተቀመጡ ይሞክራሉ፤ እሱ «እሺ፣ አሁን እረፊ» ይላል፣ እሷ ዓይኗን ትጨፍናለች፣ ከዚያ ግንባሯ ይቋጠራል። በዓለም ላይ የሰው ልጅ ሁሉ የሚመኘው ነገር ለእሷ የቤት ሥራ ሆኖ ታዘዘላት፣ እሱንም ወደቀች።

በመጨረሻ ሙሔ ራህማን አስጠራት። እህቷ ከአደጋው ቀን ወዲህ አልደወለችም ነበር፤ ስልክ ማንሳት ያሳፍራታል። መጥታ በሩ አጠገብ ተቀመጠች። ስለ ዘመድ ተጠያየቁ፣ ሻይ ጠጡ። ሙሔ ጉሮሮውን ጠረገና መሬት መሬት እያየ፣

«የዚያችን ሰርግ ወሬ ጨርሺላት» አላት።

ራህማ አይሆንም አለች። ሙሔ ለመናት። ዓይኗ እንባ አቅርሮ ከጥርሱ ጀመረች። ጥርሱ ቀሚሱ ላይ ወደቀ። ሙሽራዋ ደርቃ ቀረች። ሽማግሌው ያለ ጥርስ ምርቃታቸውን ቀጠሉ፤ ምን እንደሚሉ አንድም ቃል አይገባም። ሰዉም የጥርሱ መውደቅ ራሱ የምርቃቱ ክፍል መስሎት በአንድ አፍ «አሜን» አለ።

ጦይባ ሳቀች። መጀመሪያ በአፍንጫዋ፣ ከዚያ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ እንደ ድሮዋ ሆዷን ይዛ። ያችን ያህል ጊዜ ሐረጎ የሚባል አገር አልነበረም፣ ፍሬው የሚባል ልጅ አልተወለደም። ሙሔ ብድግ ብሎ፣

«እሱን ያዢው» አላት። «አንቺ ሴት፣ እሱን አትልቀቂው።»

ከዚያ በኋላ ጦይባ መታጠቢያ ቤት ገብታ አፏን ታጠበች። ደግማ ታጠበች። መስታወቱን ላለማየት ፎጣውን ሰቀለችበት።

በሁለተኛው የማሽን ቀን መርፌ ቁልፏን፣ ጉትቻዋን፣ ቀለበቷን አወለቀች። ድንጋዩ በሩን ደግፎ እንዳለ ነው። ስፖንጁ ገባ፣ ሚስማሩ መመታት ጀመረ፣ ማዶ ትርንጎ ተቀመጠች።

«ይረፉ» ሲላት ሰርግ ቤቱ ገባች። ጥርስ፣ ቀሚስ፣ አሜን። ሳቋ ጭንቅላቷን እንዳያነቃንቀው ጥርሷን ገጥማ ያዘችው። «ያስታውሱ» ሲላት ሐረጎ ወረደች። መጀመሪያ ላይ መሻገሩ ከበዳት፤ ቆየት ብሎ ግን መብራት እንደማብራትና እንደማጥፋት ቀለላት። የቀለላት መሆኑ አስደነገጣት፤ «ይረፉ» ሲላት ግን ድንጋጤውንም አጠፋችው። ጎበዝ ሆናለች።

ሥዕሉ ቀይና ቢጫ ሆኖ ወጣ። ናሆም ማንም ሳይጠይቀው እንዲህ የጠራ ሥዕል አይቼ አላውቅም አለ፤ ያለውን ከሰማ በኋላ ወደ ማሽኑ ዞሮ አንድ የተጠላለፈ ሽቦ ሲፈታ ቆየ። አባጋር እንድሪስ «ጸጸት ታይቷል» ብለው አነበቡ፣ በዚህ ጊዜ ጮክ ብለው። ሙሔ አለቀሰ። የትርንጎ ወንድም መጥቶ አቀፈው።

የዚያኑ ዕለት ሁለቱ ሴቶች በሚኖሩበት ሕንፃ ግቢ ውስጥ ድንኳን ተተከለ። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ከአንድ ትሪ እንዲበላ ከሐይቅ ዓሣ መጣ። አባጋሩ ደሙ ደርቋል፣ ከእንግዲህ ልጆቻችሁ አይፈላለጉበት ብለው መረቁ፤ ጥርሳቸው የራሳቸው ነበር፣ ሆኖም ሰዉ «አሜን» ሲል ጦይባ ከንፈሯን እስኪያማት ነከሰች። ባለ ሱቁ ዳቦ ይዞ መጥቶ በእጇ ሰጣት። ትርንጎ ከትሪው ቆርሳ አጎረሰቻት። ሴቶቹ እልል አሉ።

ሲመሽ ሁለቱ ሴቶች በአንድ ሊፍት ገቡ። የታረቀ ሰው አብሮ መውጣት አለበት፤ ሰፈሩ ሁሉ ቆሞ በሩ እስኪዘጋ አየ።

«ያን ጊዜ እግርሽን አየሁት» አለች ትርንጎ።

ጦይባ አልገባትም።

«የመጀመሪያው ቀን። ከዚያ ማሽን ወጥቶ የሚታየው እግርሽ ብቻ ነው። አስታውሺ ሲሉሽም እረፊ ሲሉሽም ጣቶችሽ ተኮራምተው ነበር፣ አንዴም አልተፈቱ። ይቺ ሴት ልጄን ተሸክማዋለች አልሁ። አምኜሽ ነበር፣ ጦይባ። ልናገር ተነስቼም ነበር።»

«ታዲያ ምነው ዝም አሉ፣ እትዬ?»

«የወንድሜን አንደበት ያተረፈ ማሽን ተሳሳተ ብዬ፣ እሱ አጠገቤ ተቀምጦ፣ በአባጋር ፊት ምን ብዬ ልናገር? አፈርሁ።»

ሊፍቱ አራተኛ ፎቅ ላይ ቆመ። በሩ ተከፈተ። ኮሪደሩ ላይ የሙሔ ካርቶኖች ተጣጥፈው ለቆሻሻ ወጥተዋል። ጦይባ ወጣች፤ ትርንጎ ግን በሩን በእጇ ይዛ አቆመችው።

«ዛሬም አየሁት» አለች። «እረፊ ሲሉሽ እግርሽ ዘና ብሎ ተዘረጋ፣ ቤቱ እንደተኛ ሰው። ምን እያሰብሽ ነበር?»

ጦይባ የሐይቅን ውኃ ልትል አፏን ከፈተች። እዚህ ማሽን የለም፤ ብትዋሽ ወረቀት የሚያወጣባት የለም። ቃሉ ግን አልወጣም።

«ሰርጉን» አለች።

የትርንጎ ፊት ብዙ አልተለወጠም። ፍርድ ቤት ፊት ወንበር ላይ ተቀምጣ የሰማችውን ግማሽ ወሬ ታስታውሰዋለች፤ ጥርሱ ቀሚሱ ላይ እስኪወድቅ ድረስ ያለውን፣ ከዚያ ሳቁን፣ ከዚያ ደወሉን፣ ከዚያ ሌላውን። ከዚያ ወዲህ ያለውን አልሰማችም።

«መጨረሻው ምን ሆነ?» አለቻት።

የሊፍቱ በር ሊዘጋ እየሞከረ የትርንጎን እጅ ይገፋል፣ ተመልሶ ይከፈታል። ጦይባ እዚያው ቆማ፣ ቀስ ብላ፣ አንድም ነገር ሳታስቀር ነገረቻት። ሙሽራዋ ደርቃ መቅረቷን። ሽማግሌው ያለ ጥርስ መቀጠላቸውን። ሰዉ አሜን ማለቱን። ትርንጎ እስኪያልቅ ሰማቻት፣ ራሷን ነቀነቀች፣ እጇንም ከበሩ ላይ አነሳች።

የጦይባ የእግር ጣቶች ተኮራምተው ነበር። ጫማ ስላደረገች ግን ማንም አላያቸውም።